ሦስት ፌርማታ

«አይ፣ ሳይራ አይደለችም። እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ልጁን ወደ አልጋው የምታስገባው ሌላ ሴት ትሁን። እሷ ባትጠጋው ይሻላል።» ካሊፓ አፓ ይህን ያሉት በስልክ ነው፤ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነገር ግን ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ዝቅ ያደረጉት ድምፅ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም፤ ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ደግሞ አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ሳይራ ከመጋረጃው ወዲህ ምድጃው አጠገብ ቆማ ለድግሱ የሚሄደውን ቦርሶክ ትጠብስ ነበር። የሊጡ ቁርጥራጮች ዘይቱ ላይ ተነፋፍተው ይገላበጣሉ። «ክፉ ሆና አይደለም እኮ» አሉ አማቷ ቀጥለው፤ «እንደሷ ያለ ምራት ከየት ይገኛል? እጇ ነው እንጂ። ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ልጅ ያልያዘ እጅ ነው። ለሕፃን ጥሩ አይደለም።» ሳይራ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ሊጡ ቀላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ምድጃውን አጠፋችው፤ ዘይቱ መንጨርጨሩን ሲተው ከመጋረጃው ማዶ የነበረውም ወሬ ቀጥ አለ።

ዕለቱ የባሏ ታናሽ ወንድም የመጀመሪያ ልጅ በሺክ የሚገባበት ቀን ነው። በሺክ ሕፃን በጨርቅ ታስሮ የሚወዘወዝበት የእንጨት አልጋ ነው፤ ቢሽኬክ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ልጃቸውን ባለ ጎማ ጋሪ ላይ የሚያንሸራሽሩ ዘመናዮች እንኳ ያለ በሺክ ልጅ አያሳድጉም። ሕፃኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስተኛው ሴት ትመረጣለች፤ ብዙ የወለደች፣ የወለደቻቸውም ያደጉላት መሆን አለባት። ሳይራ ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ማንም «አንቺ አስተኚው» እንደማይላት ካወቀች ቆይታለች። የማታውቀው ባትጠጋ ይሻላል መባሏን ነበር። ክረምቱን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለዚያ አልጋ የሚሆን ትንሽ ብርድ ልብስ ስትሰፋ ከርማለች። ከባሏ ከኤርኪን አሮጌ ሸሚዝ፣ ከራሷ የሠርግ ሻሽ፣ ከአማቷ ካረጀው የከፋይ ጃኬት እየቆረጠች፣ ሦስት ማዕዘኑን ከሦስት ማዕዘን እያጋጠመች። ካሊፓ አፓም ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው ክር እየመረጡ ያቀብሏት ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ ክር የሚያቀብለው እጅና በስልክ የሚያወራው አፍ ያንድ ሰው ሆነው ያርፉታል።

አማቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቦርሶኩ አለቀ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሳይራም አለቀ አፓ አለች። አፓ እማዬ እንደ ማለት ነው፤ አንድም ቀን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ሁለቱም የጠቆረውን ቦርሶክ አዩት። ውጭ ኤርኪን ጥሩምባ ነፋ። መኪናው ውስጥ የታረደው በግ፣ የሻይ ማፍያውና ከታላስ የመጡ ሁለት አክስቶች ተጭነውበታል፤ ለአማቷ የሚሆን ቦታ እንኳ የተገኘው በጭንቅ ነው። ሳይራ በሚኒባስ ትምጣ ተባለ። ብርድ ልብሱንና የቦርሶኩን ፌስታል ይዛ፣ ከሰፈራቸው ከአክ ኦርጎ ድግሱ እስካለበት አላሜዲን፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ። ኤርኪን በመስኮት ብቅ ብሎ «ይደክምሻል?» አላት። አይደክመኝም አለችው። ከዚህ በላይ የሚነጋገሩ ባልና ሚስት አይደሉም።

ሚኒባሱ የሚነሣው ከሰፈራቸው ስለሆነ ወንበር አገኘች፤ በሩ ትይዩ፣ በመስኮቱ በኩል። ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ቆማ ነበርና ጉልበቷ ሲታጠፍ ዓይኗም አብሮ ሊከደን ደረሰ። በቢሽኬክ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የማያውቀው ግን የለም። ከኋላ የተቀመጠ ሒሳቡን ከፊቱ ላለው ያቀብላል፣ እሱም ለፊተኛው፤ መልሱም እጅ በእጅ እየተቀባበለ ይመለሳል። ሽማግሌ ሲገባ ጎልማሳው ይነሣል። የቆመ ሰው ዕቃ ከያዘ የተቀመጠው ተቀብሎ ጭኑ ላይ ያደርግለታል፤ አመሰግናለሁ መባባል እንኳ የለም። ልጅ የያዘች እናት ስትገባ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ትነሽላታለሽ፣ ወይ ልጇን ትቀበያታለሽ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል ያስመሰግናል፤ ወንበሩ ግን ካንቺ ጋር ይቀራል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል፤ ይህን ግን ማንም አይናገረውም።

ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ አንዲት ልጅ እግር እናት ገባች። ባንድ እጇ የጎዳና ሻጮች የሚይዙትን ባለ መስመር ትልቅ ሻንጣ ትጎትታለች፣ በሌላው ሁለት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጅ አቅፋለች። ሚኒባሱ ሲነሣ ተንገዳግዳ የበሩን ብረት ልትይዝ ፈለገች፤ የምትይዝበት እጅ ግን የላትም። ከተቀመጡት ሁሉ ቅርቧ ሳይራ ነበረች። መነሣት እንደሚገባት አወቀች፤ ጉልበቷም አወቀ፣ ግን አልታዘዝ አላት። ከመነሣት ይልቅ ክንዷን ዘረጋች። «ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ» አለች። እናትየው እንደ ተለመደው ልጇን አቀበለች፤ ማን ነሽ፣ እጅሽ ደግ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ትንሿ ልጅ ተጣጥፎ ሳይራ ጭን ላይ ባለው ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ አለችና የካፖርቷን ቁልፍ ታሽከረክር ጀመር። ሻሽዋ ስር ያለው ፀጉሯ ወተት ወተት ይሸታል። ሳይራ ከፌስታሉ አንድ ቦርሶክ አውጥታ ሰጠቻት፤ ልጅቱም በአራት ጥርሷ ትታገለው ጀመር።

የኦሽ ገበያ ፌርማታ ላይ እንደ ወትሮው ግፊያ ሆነ። የሚወርደው ሕዝብ ከውስጥ ሲገፋ በር ላይ የቆመ ሁሉ ለማሳለፍ መውረድ አለበት፤ ወርዶ ያሳልፋል፣ መልሶ ይገባል። ልጅ እግሯ እናትም ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። የወረዱት ሳያልቁ የሚገቡት ተንጋጉ፤ አንድ ጆንያ ድንች የተሸከመ ሰውዬ በሩን ሞላው፣ ሾፌሩ ከኋላው ጥሩምባ ስለተነፋበት በሩን ጎትቶ ነዳው። ሳይራ በመስኮቱ አየቻት። እናትየው እጇን አንሥታ የሚኒባሱን ጎን በመዳፏ ትመታለች፣ አፏ ተከፍቷል። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። የተሳፈሩት ዘወር ብለው አይተዋት ይሆናል፤ ገበያ ላይ ሚኒባስ አምልጧት የምትጮህ ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ አቀብላ ስትቆም ያዩት ሰዎች አብዛኞቹ እዚያው ወርደዋል። የሾፌሩ ሬዲዮ ይጮሃል። «አቁም» ለማለት የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሳይራ ናት።

አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ብትናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሃያ እርምጃ ሳይሞላው ባለቀ ነበር። ግን አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ለአንዲት ነጭ ሻሽ ላደረጉ አሮጊት ተነሣላቸው፣ አሮጊቷም «እፎይ» ብለው ሲቀመጡ ዓይናቸው ትንሿ ልጅ ላይ ዐረፈ። ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ዘርግተው የልጅቱን ጉንጭ ነካ አደረጉ።

«ያንቺ ናት?»

«አዎ» አለች ሳይራ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ልታስተባብል የተዘጋጀች ሰው አፍ ነበር፤ የወጣው ግን «አዎ» ነው። «ዕድሜ ይስጣት» አሉ አሮጊቷ፤ «ግንባሯ ቁርጥ አንቺን። ስሟ ማን ይባላል?» ሳይራ የልጅቱን ስም አታውቅም። ታዲያ አላመነታችም። ከተዳረች ጊዜ ጀምሮ ለማንም፣ ለኤርኪን እንኳ ያልነገረችው፣ ለራሷ ልጅ ያስቀመጠችው ስም ነበራት፤ እሱን አውጥታ ሰጠች። «አይሱሉ» አለች። አሮጊቷ ስሙን ደግመው አጣጣሙት። የእሳቸውም የልጅ ልጅ አይሱሉ እንደምትባል፣ እንደሷም ቦርሶክ እንደምትወድ፣ ጥርስ ስታወጣ ግን ቤቱን እንዳላስተኛች አወሩ። ሳይራም መለሰችላቸው። ያንቺስ ስታወጣ አሟታል ወይ ሲሏት አዎ ትንሽ ትኩሳት ነበራት አለች። ሌሊት ትነቃለች ወይ ሲሏት አንድ ጊዜ ብቻ ብላ መለሰች። ውሸቱ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ፤ እሷም ፈገግ እያለች ነበር። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ደስ ብሏት ነበር። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ወሬ ከሴት ጋር አውርታ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሴቶቹ እሷን አይተው ዝም ይላሉ። አሁን ግን ጭኗ ላይ ሙቀት አለ፣ ጎኗ ላይ ጨዋታ አለ፣ የቦርሶኩ ፍርፋሪ ካፖርቷ ላይ ተነስንሷል። አንዱ ፌርማታ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የዚያች እናት መዳፍ ቆርቆሮውን ሲመታ የሰማችው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበረ፤ ጆሮዋ ውስጥ እያለ ነው ዝም ያለችው።

ወደ ሦስተኛው ሲቃረቡ ልጅቱ ቦርሶኩን ጣለችና ዙሪያዋን ታይ ጀመር። የቆሙትን ሰዎች እግር፣ የበሩን ብረት፣ መስኮቱን አየች። ቀጥሎ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ የያዛትን ሰው ፊት አየች፤ ረጅም ጊዜ አየችው። «አፓ?» አለች። አሮጊቷ ሳቁ። «ይቺውልሽ አፓሽ፤ ጭኗ ላይ ተቀምጠሽ ትፈልጊያታለሽ?» አሏት። ልጅቱ አሮጊቷን አየች፣ ሳይራን አየች፣ ታችኛው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና እሪታዋን ለቀቀችው። ሳይራ ጭኗ ላይ ትኩስ ነገር ሲፈስ ተሰማት፤ ክረምቱን የለፋችበት ብርድ ልብስ ረጠበ።

«አቁም!» ብላ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። «አቁም ወንድሜ፣ ልጅቱ የእኔ አይደለችም!» ሚኒባሱ ቆመ። አሮጊቷ እጃቸውን ከልጅቱ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። ሳይራ ብርድ ልብሱንና ፌስታሉን በብብቷ፣ ልጅቱን በደረቷ አድርጋ በሰዎቹ መካከል ስትወጣ አንገቷ ድረስ ተቃጥላ ነበር።

መንገዱን ተሻግራ በመልሱ ሚኒባስ ተሳፈረች። ገና እግሯን ስታስገባ አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «ተቀመጪ እህቴ፣ ልጅ ይዘሽ» አላት። አልቀመጥም አለችው። እሱ ደጋግሞ ተቀመጪ ይላታል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ሌሎቹም ምን ሆና ነው እያሉ ያዩዋታል፤ ሦስቱን ፌርማታ ቆማ ተመለሰች። በመንገዱ ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ እናትየው እዚያ ከሌለችስ? ሌላ ሚኒባስ ይዛ ተከትላ ሄዳ ተላልፈው ከሆነስ? በዚህ ከተማ ውስጥ ስሟን የማታውቃትን ልጅ ይዛ የት ትገባለች? «ደስ ብሎኝ ነበር» ብላ ለማን ትናገራለች?

እናትየው እዚያው ነበረች። የሱፍ አበባ ፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ከበዋታል፣ አንዷ ውሃ ይዛ ትለምናታለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም፤ ሚኒባሱን ተከትላ ስትሮጥ ወልቆ ቀርቷል። ሳይራ ስትወርድ አይታ አልሮጠችም፣ ተንበረከከች። «ሰዚም» አለች። «ሰዚሜ።» ልጅቱም ስሟን ስትሰማ ከሳይራ ደረት ላይ ሁለመናዋን ወርውራ ሄደች፤ እንደዚያ ያለ ክብደት ከሰው ላይ ሲነሣ ይቀላል ይባል ይሆናል፣ ሳይራን ግን ከበዳት። ስሟ ሰዚም ነው። ሳይራ ገበያ መሃል ቆማ ልጅቱ የራሷ ስም እንዳላት አሁን እንደገባት ሰው ሆነች። ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ስትፈልግ እናትየው ቀደመቻት፤ ሁለት እጇን ይዛ ትስመው ጀመር፣ መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ። ስሟ ጉልዛዳ እንደሆነ፣ ከናሪን ከመጣች ወር እንዳልሞላት፣ ባሏ ሩሲያ እንደሄደ፣ ልጅቷ ከጠፋች ወደ ቤት እንደማትመለስ ወስና እንደነበር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። «ፊትሽን አይቼ ነው የሰጠሁሽ» አለቻት፤ «ይቺ እናት ናት ብዬ።» ሳይራ «ሾፌሩ አልሰማም ነበር» አለች። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ሾፌሩ እውነትም አልሰማም።

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። ካሊፓ አፓ ናቸው፤ የት ቀረሽ፣ ሰዉ ተሰብስቦ ቦርሶክ ይጠብቃል ይላሉ። ሳይራ ከመመለሷ በፊት ወደ ጉልዛዳ ዞራ «አማቴ ናቸው» አለቻት። ጉልዛዳ ይህን ስትሰማ ስልኩን ከእጇ ወሰደችና ለማታውቃቸው ሴትዮ እያለቀሰች ታወራ ጀመር። «እናቴ፣ ምራትዎን እንዳይቆጧት። ልጄን ይዞብኝ የሄደ መኪና ላይ እሷ ባትኖር አልቆልኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ያሳደጉ ይባረኩ።» የፍሬ ሻጮቹም ከጎን ሆነው አሜን አሉ። ሳይራ ስልኩን ልትነጥቃት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ግን መልሳ አወረደችው።

አላሜዲን ያለው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገና ከደረጃው የበግ ሾርባ ሽታና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሴት ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ጫማው በሩ ላይ ተራራ ሠርቷል። በሩን የከፈቱት ካሊፓ አፓ ራሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ለማንም በር አይከፍቱም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በትከሻዋ ይዘው አስገቧትና «ይቺ ናት» አሉ ለቤቱ ሁሉ። ታሪኩ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ከደረሰም በኋላ ተገልብጦ አድጓል። ከታላስ ከመጡት አክስቶች አንደኛዋ ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሳይራ ከሚሄድ መኪና ላይ ዘላ ወርዳለች። ኑርዛት፣ የሕፃኑ እናት፣ ከተኛችበት ተነሥታ አቀፈቻት። ሳይራ በሁሉም ፊት «አልዘለልኩም» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ ትሑት ናት አሉ። ከዚያም ብርድ ልብሱን ካሊፓ አፓ ዘረጉት። ሥራው ከእጅ እጅ እየዞረ ተደነቀ፤ መሃሉ ላይ እርጥቡ አለ። ሳይራ ልትደብቀው ስትል አማቷ አሸተቱትና ከት ብለው ሳቁ። የእንግዳዋ ልጅ አልጋውን መርቃዋለች፣ ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ሳይራ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች፤ ዕቃ ልታጥብ ነው፣ እሱ እንደተመደበላት ታውቃለች። «የት ትሄጃለሽ?» አሏት ካሊፓ አፓ። በሺኩ መሃል ቤት ተቀምጧል፤ ሕፃኑን ሊያስተኙ የተመረጡት ስምንት ልጅ የወለዱት አክስት እጀታቸውን ሰብስበው አጠገቡ ተንበርክከዋል። አማቷ ወደ አክስቲቱ ዘንበል ብለው የሆነ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም ሳይቀየሙ ጉልበታቸውን እያሹ ተነሡ። «ሳይራ ታስተኛው» አሉ ካሊፓ አፓ ጮክ ብለው። «ልጅ በእጇ የዳነላት እሷ ናት። እጇ የተባረከ ነው።» ሳይራ አይሆንም አፓ አለች። ይገባሻል አሏት። አይገባኝም አለች። ክብር ሲሰጥሽ ሁለቴ እምቢ ማለት ወጉ ነው፤ ስለዚህ የእሷን እምቢታ ማንም እምቢታ ብሎ አልቆጠረውም። ሦስተኛ እምቢ ብትል ለምን የሚል ይመጣል። ለምን ለሚለው መልሱ አፏ ላይ ነበረ፤ ሠላሳ ሴት ያያታል፤ ኑርዛት ሕፃኑን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

ወሰደችው። ከሰዚም ይልቅ በጣም ቀላል ነበር፤ አንገቱ ለስላሳ፣ እስትንፋሱ ሙቅ። ብርድ ልብሱ ላይ አጋደመችው፣ እርጥቡን ወደ ግርጌው ገልብጣ። እጁን ከጎኑ ጋር አስተካክላ የጨርቁን ማሰሪያ ስትጠመጥም የምታስተኛ ሴት የምትለውን አለች፤ ሕፃናትን የምትጠብቀውን ኡማይ እናትን እየጠራች። «የእኔ እጅ አይደለም፣ የኡማይ እናት እጅ ነው።» ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ሌሎች ሴቶች ሲሉት ሰምታለች፤ አንድ ቀን እኔም እለዋለሁ ብላ በቃሏ ይዛው ነበር። ዛሬ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ከልቧ አለችው። ሕፃኑ አንዴ አዛጋና ተኛ። ሴቶቹ እሰይ አሉ፣ ካሊፓ አፓ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ሳይራ ያን ጊዜ ደስ አላት፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር፤ ጠዋት ጭኗ ላይ የነበረው ደስታ ያው ራሱ ነው፣ ዳግመኛ የሰው የሆነውን ወስዳ ያገኘችው።

ከሰዓት በኋላ ኤርኪን አክስቶቹን ወደ መነኻሪያ ሲያደርስ ካሊፓ አፓ አልጠብቀውም አሉ፤ ላሟ ሳትታለብ ይመሽባታል። ስለዚህ አማትና ምራት በሚኒባስ ተመለሱ። ሳይራ ከድግሱ የተቋጠረውን ሥጋና ቦርሶክ በከባድ ፌስታል ይዛለች። ወንበር አገኙ፤ አማቷ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በመተላለፊያው። ከዚያ ካሊፓ አፓ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ለመስኮቱ እንደሚያወሩ ሆነው፣ ለዚያውም በእውነት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጠዋት ሰምተሽኛል» አሉ። «ዘይቱ ዝም ሲል አወቅሁ። ቀኑን ሙሉ አሳፈረኝ። አሮጊት አፍ ነው ልጄ፤ ስለ እጅሽ ያልኩትን እግዜር ዛሬውኑ አፌ ላይ መለሰው።» ከአሥር ዓመት በላይ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቀዋት አያውቁም። ሳይራ ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች፤ ሲመጣ ግን የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት ለእሷ የደረሰ ያህል ሆነባት። «ተዉት አፓ» አለች።

ኦሽ ገበያ ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ከገቡት አንዷ ልጅ የያዘች ወጣት ነበረች፤ ጉልዛዳ አይደለችም፣ ሌላ ናት። ዓይኗ ሳይራ ላይ ዐረፈ፤ ልጁንም እንደ ተለመደው ወደ እሷ ዘረጋችው። ካሊፓ አፓ «ተቀበያት» አሉ በኩራት፤ ዛሬ ምራታቸው ልጅ ስትይዝ ለማየት የሚጓጉ ይመስላሉ። ሳይራ ተነሣች። «አንቺ ተቀመጪ» አለቻት ወጣቷን፤ «ልጁን ራስሽ ያዢው።» ወጣቷ ግድ የለም፣ መያዝሽ ይበቃል ብትልም ሳይራ አልተመለሰችም። ፌስታሉን እንደያዘች ብረቱን ጨብጣ ቆመች።

«ምነው? ደክሞሽ የለም ወይ?» አሏት አማቷ።

ሳይራ ጎንበስ አለች፤ ወጣቷን ተሻግራ አፏን ወደ ደከመው ጆሮ አስጠጋች። «እናትየው ትጮህ ነበር አፓ። ሰምቻታለሁ። ሦስት ፌርማታ ዝም አልኩ። ያንቺ ናት ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ።»

የካሊፓ አፓ ፊት ተለወጠ፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞረ። ሚኒባሱ አንድ ፌርማታ ሄደ፣ ሁለት ሄደ። ሒሳብ ከኋላ መጥቶ በእጃቸው አለፈ፤ ሳያዩ አቀበሉ። ሳይራ የሚሉትን ትጠብቃለች፤ ቤት ሲደርሱ ይሁን፣ ኤርኪን ባለበት ይሁን፣ ወይ ከእንግዲህ ምንም የማይነገር እንደሆነ አታውቅም። የፌስታሉ ጆሮ ጣቶቿን ቆርጧቸዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ ታዛውረዋለች። በሦስተኛው ፌርማታ ላይ ካሊፓ አፓ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ እጃቸውን በወጣቷና በልጁ ላይ አሳልፈው ዘረጉ። ፌስታሉን ከሳይራ እጅ ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ለቆመ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው።